አነስተኛ የሙዚቃ ቡድን ለሬዲዮ የት ይቀረጽ? ማይክሮፎኑስ የት ይቁም? የንጽጽር መመሪያ

ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ቼሎ (ወፍራም ድምፅ ያለው የምዕራባውያን ባለ ደጋን መሣሪያ) እና አንድ ከበሮ። አምስት ሰዎች ያለ መሪና ያለ ድምፅ ማጉያ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየጠበቀ ይጫወታሉ። ምዕራባውያን እንዲህ ያለውን ስብስብ ቻምበር ሙዚቃ ይሉታል። በትልቅ መድረክ ሳይሆን በክፍል ውስጥ የሚሰማ፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ተጫዋች ብቻ ያለው ሙዚቃ ማለት ነው። ስሙ ከውጭ ይምጣ እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በገና በእልፍኝ፣ ክራር በእሳት ዳር ሲደመጥ ኖሯል።

ከእንዲህ ያለ ቡድን የሠላሳ ደቂቃ ዝግጅት የሚሆን ሙዚቃ ለመቅረጽ የተነሣ አዘጋጅ ወዲያው አራት ምክር ይደርሰዋል። የጣቢያው ቴክኒሺያን «እዚሁ ስቱዲዮአችን ይምጡ» ይላል። የሙዚቃ ስቱዲዮ ባለቤቱ እያንዳንዱን ለየብቻ ቀርጾ ማቀናበር እንደሚሻል ያስረዳል። ተጫዋቾቹ አዳራሽ ይፈልጋሉ። አንድ ወዳጅ ደግሞ በእጅ የሚያዝ መቅረጫ እንዳለው፣ ሳሎኑም ሰፊ እንደሆነ ይናገራል። አራቱም ከልባቸው ነው የሚመክሩት፤ አራቱም የሚያዋጡበት ጊዜ አለ። እኔም በሙዚቃ ዝግጅት ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት አራቱንም ሞክሬአለሁ፤ በሁለቱ ደግሞ የማይመለስ ጥፋት አጥፍቻለሁ። በዚህ ጽሑፍ የመሣሪያ ስም አላወድስም። ውድ ማይክሮፎን መጥፎ ክፍል ውስጥ ቢቆም የሚቀርጸው መጥፎውን ክፍል ነው።

መመዘኛው ከምርጫው ይቅደም

የመጀመሪያው ጥያቄ ማን፣ በምን ይሰማዋል የሚለው ነው። የሬዲዮ አድማጭ ውድ ድምፅ ማጉያ ፊት የተቀመጠ ሰው አይደለም። ታክሲ ውስጥ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በስልኩ አንድ ጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ሰው ነው። መካከለኛ ሞገድ የሚደርሰው በሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ የድምፅ መስመር ነው። ግራና ቀኝ ተለይቶ የሚሰማበት የኤፍ ኤም ስቴሪዮ ሥርጭትም ቢሆን መሠረቱ የግራና የቀኝ ድምር ነው፤ የሁለቱ ልዩነት በሌላ ንዑስ ሞገድ ተጭኖ ይሄዳል፤ ሞገዱ ሲደክም ብዙ ሬዲዮዎች ወደ ሞኖ ይመለሳሉ። ስለዚህ በሞኖ ሲሰማ የሚፈርስ ቀረጻ ለሬዲዮ አልተቀረጸም ማለት ይቻላል። ይህን መመዘኛ ከሁሉ አስቀድማለሁ፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም እርሱን ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። ጣቢያዎች ድምፁ ከመተላለፉ በፊት ደካማውን ከፍ፣ ኃይለኛውን ዝቅ በሚያደርግ መሣሪያ ያሳልፉታል። በዋሽንቱ ዕረፍት መካከል በጆሮዎ ያልሰሙት የማቀዝቀዣ ጉርምርምታ በአየር ላይ ሲወጣ እንደ ስድስተኛ ተጫዋች ይሰማል። ጸጥታ ለሬዲዮ ከአልበም ይልቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ተጫዋቾቹ በደንብ መደማመጣቸው ነው። መሪ የሌለው ቡድን የሚመራው በጆሮና በዓይን ነው። ድምፅ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል፤ ከበሮው አሥር ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ምቱ ለባለ ክራሩ የሚደርሰው ወደ ሠላሳ ሺህኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ምቱን ያጎትታል።

ሦስተኛው የክፍሉ የራሱ ድምፅ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ስሕተት የማረም ዕድል ይመጣል፤ በመጨረሻም ጊዜና ገንዘብ። ገንዘብን መጨረሻ ያደረግኩት ስለናቅኩት አይደለም። ከላይ ያሉት ሲታወቁ የት መቆጠብ እንደሚቻልም ስለሚታወቅ ነው።

የጣቢያው ስቱዲዮ

ለንግግር የተሠራ ነው። ግድግዳው በስፖንጅ ተሸፍኗል፤ ድምፅ ሲነሣ በሰከንድ ሲሶ ገደማ ውስጥ ይሞታል። ለዜና አንባቢ መልካም ነው፤ ለማሲንቆ ግን ጭካኔ ነው። ማሲንቆ በአንድ ጅማት የሚዘምር፣ ደጋኑም የፈረስ ጭራ የሆነ መሣሪያ ነው። ክፍሉ ምንም ካልመለሰለት የፍትጊያው ድምፅ ከዜማው ይበልጣል። ዋሽንቱም ትንፋሹ ብቻ ይወጣል። ከዚህ የሚብሰው በተጫዋቹ ላይ የሚደርሰው ነው፤ ድምፁ እንደማይሄድለት ስለሚሰማው ደጋኑን አብዝቶ ይጫናል፣ ክራሩን አጥብቆ ይመታል፣ በሁለት ዜማ ይደክማል። ቼሎ ሲጨመር ደግሞ በጠባብ ክፍል ዝቅተኛው ድምፅ በአንዳንድ ኖታዎች ላይ ብቻ ያብጣል።

ጥቅሙም ሊካድ አይገባም። ኪራይ የለውም፣ ጸጥ ያለ ነው፣ መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ አለው፣ ባለሙያም በቦታው አለ። ከዜና ሰዓት ጋር የሚያጋፋ የጊዜ ጥበት ቢኖርም፣ ለአንድ ወይም ለሁለት መሣሪያና ለጨዋታ የተቀላቀለ ዝግጅት ከዚህ የሚቀድም አላውቅም። በተለይ በገና ብቻውን ሲሆን። የበገና ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ ያ ልብ የሚነካው እዝዝታ የሚመጣው ጅማቶቹ ከሚነኩት እንዝራ ከሚባለው ቁራጭ ቆዳ ነው። ይህን ለመያዝ ቅርብ ማይክሮፎንና ፍጹም ጸጥታ ያስፈልጋል፤ የንግግር ስቱዲዮ ሁለቱንም ይሰጣል። በዐቢይ ጾም የበገና ዝግጅት የሚያዘጋጅ ሰው አዳራሽ ፍለጋ መንከራተት የለበትም።

የሙዚቃ ስቱዲዮ

በአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች የተለመደው አሠራር በንብርብር ነው። መጀመሪያ ምቱ በኪቦርድ ይሠራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ተጫዋች በየተራው ገብቶ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የራሱን ይጨምራል። ለዘፈን አልበም ይህ መንገድ ብዙ ጥሩ ሥራ አስገኝቷል። ለቻምበር ሙዚቃ ግን ዋናውን ነገር ይወስድበታል።

ትዝታን እንውሰድ። መግቢያው ምት የለውም፤ ማሲንቆው ይጀምራል፣ ዋሽንቱ ሲደርስለት ይመልሳል፣ ክራሩ ሁለቱን ያስታርቃል። መቼ እንደሚመለስ የሚወስነው የዚያች ቅጽበት ስሜት ነው። ይህን በሜትሮኖም፣ ምት በሚቆጥር መሣሪያ፣ ላይ ማነባበር አይቻልም። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ለአምስት መሣሪያዎች አምስት የተለያዩ ቀጠሮዎች ያዝኩ፤ የእያንዳንዱ ቀረጻ ያለ እንከን ወጣ። ሲደመሩ ግን በአንድ ታክሲ የተሳፈሩ የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስሉ ነበር። ስቱዲዮው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ያን ቀረጻ አላስተላለፍኩትም፤ ተጫዋቾቹንም ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

ስቱዲዮ መግባት የግድ ከሆነ አምስቱን በአንድ ጊዜ የሚይዝ ክፍል እንዳለ አስቀድመው ይጠይቁ። ካለ ሁሉም በአንድ ክፍል፣ ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጡ፤ በከበሮውና በሌሎቹ መካከል ደረት የሚደርስ መከለያ ብቻ ይቁም። የጆሮ ማዳመጫ ካደረጉ አንዱን ጆሮ ነጻ ይተዉት። ዋጋ ሲነጋገሩ ደግሞ ሁለት ነገር ያጣሩ፤ የዝግጅቱ ጊዜ ከኪራዩ ይቆጠራል ወይ? ማቀናበሩ ከቀረጻው ዋጋ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? አምስት ተጫዋች ለማዘጋጀትና ድምፅ ለመሞከር አንድ ሰዓት በቀላሉ ይሄዳል፤ ይህን ያላሰበ ሰው የሁለት ሰዓት ኪራይ ከፍሎ አንድ ዜማ ይዞ ይወጣል።

አዳራሽ

ልቤ ያለው እዚህ ነው፤ ምክንያቱንም በዝርዝር እናገራለሁ።

ጥሩ አዳራሽ ስድስተኛ መሣሪያ ነው። ለቻምበር ሙዚቃ የሚስማማው ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ከአንድ ሰከንድ ተኩል ብዙም ያልራቀ ጊዜ የሚወስድ ክፍል ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ሙዚቃው ይደርቃል፤ በጣም ከበዛ የክራሩ ጣቶች እርስ በርስ ይደባለቃሉ። ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። መሐል ቆመው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ። ድምፁ ለስለስ ብሎ ከሄደ መልካም ነው። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል እየተንጠረጠረ ከተመላለሰ ተጫዋቾቹን በሰያፍ ያስቀምጡ ወይም ሌላ አዳራሽ ይፈልጉ። ምንም ካልመለሰ ምንጣፍና መጋረጃ በልቶታል፤ ብዙዎቹ የሆቴል አዳራሾች እንዲህ ናቸው፤ ጣሪያቸውም ዝቅተኛ ነው።

በለንደን እ.ኤ.አ. በ1901 የተከፈተውና ከ550 ያህል መቀመጫ የማይበልጠው ዊግሞር አዳራሽ ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ በዓለም የታወቀ ነው፤ የቢቢሲ ሦስተኛ ሬዲዮም የሰኞ የምሳ ሰዓት ኮንሰርቶችን ከዚያ ሲያስተላልፍ ቆይቷል። ትምህርቱ የመቀመጫው ቁጥር ላይ ነው፤ ለአምስት ተጫዋች የሺህ ሰው አዳራሽ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ መጀመሪያ የማንኳኳው የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትን፣ ከዚያ የባህል ተቋማትን በር ነው፤ ጎተ ኢንስቲትዩትን፣ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝን። ቀጥሎ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትንና የትምህርት ቤቶችን አዳራሾች እጠይቃለሁ። የቴራዞ ወለልና ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው የድሮ የትምህርት ቤት አዳራሽ ብዙ ጊዜ ከአዲሱና ከተዋበው ይበልጣል።

አሁን ወደ መከራው እንምጣ። በነሐሴ ወር አንድ አዳራሽ ተከራይቼ ነበር። ስሙ አያስፈልግም፤ ድምፁ ግን እጅግ ያምር ነበር። ዋሽንቱ ገና ሁለተኛውን ዜማ ሲጀምር ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ወረደ። አርባ ደቂቃ ቁጭ ብለን ጠበቅን። አባራ፤ እኛም ጀመርን። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ መጣ። ከሦስት ሰዓት ኪራይ የተረፈኝ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙዚቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አልቀርጽም። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት የተሻለ ነው፤ ሆኖም ደረቁ አየር ጅማትን ስለሚለዋውጥ መሣሪያዎቹ ሳይቃኙ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ይቆዩ። የበገና የአንጀት ጅማትና የማሲንቆ የፈረስ ጭራ ለእርጥበትና ለሙቀት ቶሎ ይታዘዛሉ።

ሌላው ጥንቃቄ ሰዓቱ ነው። አዳራሹን ከቀረጻው ሳምንት ቀደም ብለው፣ በዚያው ዕለትና በዚያው ሰዓት ሄደው ዓይንዎን ጨፍነው አሥር ደቂቃ ያዳምጡ። የአዛንና የቅዳሴ ሰዓቶችን ይወቁ፤ የቀረጻው መርሐ ግብር በእነርሱ ዙሪያ ይሠራ እንጂ እነርሱ እንቅፋት ተደርገው አይታዩ። በአዘቦት ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ጊዜ ለእኔ ብዙ ጊዜ ተሳክቶልኛል። ጎረቤት ግንባታ ካለ ግን ሰዓት አያድንም። ከሚጮኸው የፍሎረሰንት መብራት ይልቅ የመስኮት ብርሃን ይጠቀሙ፤ በባትሪ የሚሠራ መቅረጫ ይያዙ። መብራት ቢጠፋ ሥራው አይቋረጥም፤ ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚመጣው የ50 ኸርዝ ጉርምርምታም አይገባበትም።

ታዳሚ ያለበት ኮንሰርት ላይ መቅረጽም ይቻላል። ስሜቱ የሚተካ የለውም፤ ማረም ግን የለም፣ ሳልና ስልክም አይቀርም። ከኮንሰርቱ በፊት ያለውን ልምምድ በዚያው አቀማመጥ ከቀረጹት መጠባበቂያ ይሆናል።

ሳሎን

የሚናቅ አይደለም። ስጋጃ፣ ሶፋ፣ መጻሕፍት የሞሉበት መደርደሪያ ያለው ሰፊ ሳሎን ለሁለት ወይም ለሦስት መሣሪያ ሞቅ ያለ፣ የቀረበ ድምፅ ይሰጣል። ክራርና ዋሽንት በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ በቤታቸው ናቸው። አምስት ሲሆኑ ግን ይጨናነቃል፤ ከበሮውም ሁሉን ይውጣል።

በእጅ የሚያዘውን መቅረጫ ከተጫዋቾቹ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ርቀት፣ ከተቀመጠ ሰው ራስ ትንሽ ከፍ አድርገው በመቆሚያ ላይ ያድርጉት፤ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡት። ድምፁን በራሱ የሚያስተካክለውን ቁልፍ ያጥፉ። ያ ቁልፍ ከበሮው ሲመታ ሁሉን ይደፍቃል፣ ዝም ሲል የክፍሉን ሹክሹክታ ያጎላል፤ በኋላ በምንም አይስተካከልም። ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፤ ሲጨርሱ መልሰው ማብራቱን እንዳይረሱ የቤትዎን ቁልፍ ውስጡ ያስቀምጡ።

የማይክሮፎን አቀማመጥ

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ሁለተኛው ምርጫ ይመጣል፤ በሁለት ማይክሮፎን ሙሉውን ቡድን መቅረጽ ወይስ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ማቆም? በሁለት ማይክሮፎን ለመቅረጽ የታወቁ አራት መንገዶች አሉ።

ኤክስ ዋይ የሚባለው ሁለቱን ማይክሮፎኖች ጫፍ ለጫፍ አነባብሮ በ90 ዲግሪ የሚያዞር ነው። ድምፅ ለሁለቱም እኩል ስለሚደርስ በሞኖ ምንም አይጎድልበትም፤ የስቴሪዮ ስፋቱ ግን ጠበብ ይላል። በአብዛኞቹ የእጅ መቅረጫዎች ላይ ተሠርቶ የሚመጣው ይህ ነው።

ኦ አር ቲ ኤፍ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ነው፤ የሬዲዮ ሰዎች ለሬዲዮ ያወጡት መለኪያ ነው። ማይክሮፎኖቹ 17 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው በ110 ዲግሪ ይከፈታሉ፤ የሰው ሁለት ጆሮዎች ርቀት ያህል ማለት ነው። አድማጩ ማሲንቆውን በግራ፣ ዋሽንቱን በቀኝ ለይቶ ይሰማል፤ በሞኖም ብዙ አይጎዳም።

ኤ ቢ ደግሞ ድምፅን ከየአቅጣጫው የሚቀበሉ ሁለት ማይክሮፎኖችን 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ያራርቃል። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ከሁሉ የሚያምረው ይህ ነው፤ ክፍሉ ይከፈታል፣ ቼሎው ሙሉ ይሆናል። ነገር ግን ድምፁ ወደ ሁለቱ በተለያየ ጊዜ ስለሚደርስ፣ በሞኖ ሲደመር አንዱ የሌላውን ከፊል ያጠፋል፤ ዋሽንቱ ድንገት ባዶ ቱቦ ውስጥ የገባ ይመስላል። ለአልበም እወደዋለሁ፤ ለኤፍ ኤም ብቻውን አልተማመንበትም።

አራተኛው ሚድ ሳይድ ነው። አንዱ ማይክሮፎን ወደ ቡድኑ፣ ሌላው ወደ ጎን ይመለከታል። በሞኖ ሲደመር የጎኑ ተሰርዞ የፊተኛው ብቻ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ ስፋቱንም በኋላ በኮምፒውተር መወሰን ይቻላል። ሞኖን ለሚፈራ አዘጋጅ የተሠራ ይመስላል፤ ግን የሚያውቀው ባለሙያ ያስፈልጋል።

ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርብ ማይክሮፎን ማቆም ቁጥጥር ይሰጣል፤ በምትኩ ክፍሉን ይወስዳል። ከተደረገ ርቀቱ ይጠበቅ። አንዱ ማይክሮፎን ከመሣሪያው 40 ሴንቲ ሜትር ከራቀ ቀጣዩ ማይክሮፎን ከእርሱ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ሊርቅ ይገባል፤ አለዚያ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ ድምፁን ያበላሻል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ለአምስቱ ተጫዋቾች ዋናው በኦ አር ቲ ኤፍ የቆሙ ሁለት ማይክሮፎኖች፣ ከቡድኑ ፊት ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ርቀትና ከሁለት ሜትር በላይ ከፍታ። ድምፁ ለሚያንሰው ለክራሩ አንድ ቅርብ ማይክሮፎን ይጨመር። ይህ ቅርብ ማይክሮፎን ከዋናዎቹ ሦስት ሜትር ያህል የሚቀድም ከሆነ ድምፁ ከዋናዎቹ ጋር እንዲገጥም ሲቀናበር ወደ ዘጠኝ ሺህኛ ሰከንድ ይዘግይ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ማይክሮፎን ከመጨመር በፊት ሰው ይንቀሳቀስ። ክራሩን ግማሽ ሜትር ወደፊት፣ ከበሮውን አንድ ሜትር ወደኋላ ማድረግ ምንም ዋጋ የለውም፤ በብዙ ቀረጻ ላይ ያዳነኝ ግን ይህ ነው። መድረኩ ባዶ የጣውላ ሣጥን ከሆነ የቼሎው እግርና ከበሮው መድረኩን ራሱን ያንኳኩታል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ወለሉ ይውረዱ።

በአንድ ዕይታ

| መመዘኛ | የጣቢያ ስቱዲዮ | የሙዚቃ ስቱዲዮ (አንድ ላይ) | አዳራሽ | ሳሎን |
|---|---|---|---|---|
| የተጫዋቾች መደማመጥ | ደካማ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ጥሩ |
| የክፍሉ ድምፅ | ደረቅ | መካከለኛ፣ በኋላ ይጨመርበታል | ከሁሉ የተሻለ | ሞቃት፣ ጠባብ |
| ጸጥታ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | በሰዓቱና በወቅቱ ይወሰናል | በጎረቤት ይወሰናል |
| የማረም ዕድል | መካከለኛ | ከፍተኛ | በድጋሚ በመጫወት ብቻ | በድጋሚ በመጫወት ብቻ |
| ወጪ | የለም ወይም ትንሽ | ከፍተኛ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | በጣም ትንሽ |
| የሚመቸው የተጫዋች ብዛት | 1–2 | 3–6 | 3–8 | 1–3 |
| የሚስማማው አቀማመጥ | ቅርብ ማይክሮፎን | ጥንድና ቅርብ | ኦ አር ቲ ኤፍ ወይም ሚድ ሳይድ | ኤክስ ዋይ |

እንደ አቅምና እንደ ፍላጎት

በጀት ከሌለና ቡድኑ ትንሽ ከሆነ ሳሎኑንና የእጅ መቅረጫውን ይምረጡ። ዜማውን ግን ወደ ሦስት መሣሪያ አቀናጅተው ያምጡት፤ ከበሮው በእጅ ጭብጨባ ቢተካ ብዙ ዜማዎች አይጎዱም።

ዝግጅቱ ነገ የሚተላለፍ ከሆነ ከጣቢያው ስቱዲዮ አይውጡ። ሁለት ተጫዋቾች ብቻ ጋብዘው ንግግርና ሙዚቃ ያፈራርቁ፤ አምስቱንም አስገብቶ ሁሉንም ከማጨናነቅ ይሻላል።

መካከለኛ ገንዘብ ያለው አዘጋጅ ገንዘቡን ለመሣሪያ ኪራይ ሳይሆን ለአዳራሹ ያውጣው። በአንድ ጥንድ ደህና ማይክሮፎንና በአራት ሰዓት አዳራሽ የሚገኘው ድምፅ፣ በአሥር ማይክሮፎንና በደረቅ ክፍል ከሚገኘው ይልቃል። አራት ሰዓት የምለው ለሃያ ሁለት ደቂቃ ያህል ሙዚቃ ነው፤ የቀረው ስምንት ደቂቃ ለአቅራቢው ንግግር ይሆናል። አንደኛው ሰዓት ለዝግጅትና ለቅኝት ይሄዳል። ከባቲ ቅኝት ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ሲታለፍ ክራሩ እንደገና ይቃኛል፤ ዋሽንቱም ይለወጣል። የዜማዎቹን ቅደም ተከተል በቅኝት ካቀናጁት ይህ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል።

ቀረጻው ለሬዲዮም ለአልበምም እንዲሆን ከተፈለገ በአዳራሹ ውስጥ ዋናውን ጥንድና የእያንዳንዱን ቅርብ ማይክሮፎን በየራሱ ትራክ (የቀረጻ መስመር) ይቅረጹ፤ ለሬዲዮ ጥንዱን፣ ለአልበም ሁሉንም ይጠቀማሉ። በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ የቀረጻ ጥራት አንድ ሰዓት ስቴሪዮ 1 ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል፤ ስምንት ትራክ ከአራት ጊጋ ባይት ይበልጣል። የሚሞሪ ካርዱን በዚህ ልክ ያዘጋጁ። የከበሮው ኃይለኛ ምት የመቅረጫው መለኪያ ጣሪያ ከሆነው ከዜሮ 12 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም ያድርጉ፤ በ24 ቢት ዝቅ አድርጎ መቅረጽ የሚያስከትለው ጉዳት የለም፣ ከዜሮ ያለፈ ድምፅ ግን ተሰንጥቆ ይቀራል።

በዋሽንግተን፣ በለንደን ወይም በሌላ ከተማ ሳምንታዊ የአማርኛ ዝግጅት የምታቀርቡ ወገኖች አንድ ዕድል አላችሁ፤ በእነዚህ ከተሞች የሰፈር አብያተ ክርስቲያናት አዳራሾች በመጠነኛ ክፍያ ይከራያሉ፣ ድምፃቸውም ለክራርና ለማሲንቆ ይስማማል። አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪኩ ጉርምርምታ 60 ኸርዝ ላይ ስለሆነ አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ቀረጻውን ሲያጸዳላችሁ ይህን ንገሩት።

የትኛውም መንገድ ይመረጥ፣ ሁለት ነገር ከቀረጻው ቀን አያልፍም። አንደኛው የጽሑፍ ፈቃድ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች በክዋኔያቸው ላይ መብት ይሰጣል። ስንት ጊዜ እንደሚተላለፍ፣ በኢንተርኔት ይጫን አይጫን እንደሆነ፣ ቅጂው የማን እንደሚሆን ተጽፎ አምስቱም ይፈርሙ፤ ለእያንዳንዳቸውም አንድ ቅጂ ይሰጣቸው። ከቀደሙት ባለ ማሲንቆዎች የአንዳንዶቹ ድምፅ የተረፈልን ሬዲዮ ስለቀረጻቸው ነው፤ የዛሬዎቹ ፈራሚዎች ልጆችም ነገ ያን ቅጂ ሊፈልጉት ይችላሉ።

ሁለተኛው ዝምታ ነው። የመጨረሻው ዜማ ሲያልቅ መቅረጫውን ወዲያው አይዝጉት። ተጫዋቾቹ እንደተቀመጡ አንድ ሙሉ ደቂቃ የባዶውን ክፍል ድምፅ ይቅረጹ። በዜማና በዜማ መካከል፣ አቅራቢው ከመናገሩ በፊት ባለው ክፍተትና ስሕተት በተቆረጠበት ቦታ ላይ የሚሞላው ይህ ድምፅ ነው፤ ሰዎቹ ከወጡና በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን ያው ክፍል ያንኑ ድምፅ አይሰጥም።